የተወሰደ ጋዜጣ፣ የተነበበ ጋዜጣ

ከካሊፎርኒያ የተመለሰ ሰው ስለ ትልቁ ድልድይ ካላወራ እንደሄደ አይቆጠርለትም። ድልድዩን አይቼዋለሁ። ጭጋግ ስለነበረ ያየሁት ግማሹን ነው፤ ያ ግማሽም ቀይ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ድልድይ የምለው የለኝም። የሄድኩት ስለ ወረቀት ለማውራት ስለነበረ ለእናንተም የምጽፈው ስለ ወረቀት ነው። ቢሰለቻችሁ አልቀየምም፤ እናቴ ራሷ እስከ መጨረሻው አልሰማችኝም።

ድሮ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ዘጋቢ ነበርኩ። ጋዜጣው የወረቀት ዋጋ አላፈናፍን ሲለው ተዘጋ፤ እኔም በንዴት ይሁን በሌላ የዘጋንን ነገር ማጥናት ጀመርኩ። አሁን እንጀራዬ የአፍሪካ አገሮች የጋዜጣ ወረቀት ከውጭ ለማስገባት የሚያወጡትን ገንዘብ ማነጻጸር ነው። ሳን ሆሴ ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ ናይጄሪያንና ጋናን ያነጻጸርኩበትን ጥናት እንዳቀርብ ጠራኝ። ጎረቤቶቼ «ስለ ኢትዮጵያ አይደለም?» አሉኝ። አይደለም ስላቸው «ታዲያ አሜሪካ ምን አገባው?» አሉ።

ከቦሌ የተነሳሁት ሐሙስ ነው። አንድ ቦታ አውሮፕላን ቀይሬ ዓርብ ሳን ፍራንሲስኮ ስደርስ ሻንጣዬ አብሮኝ አልደረሰም። ለንግግሩ ያሰፋሁት ቀሚስ በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበረ ተረፈ፤ ጫማው ግን ከሻንጣው ጋር ቀረ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ በጣም በትሕትና ይቅርታ ጠየቀችኝና ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። እኛ አገር ቢሆን ተጨቃጭቄ፣ ሁለት ሦስት ሰው ገላግሎኝ፣ ቢያንስ ወጥቶልኝ እሄድ ነበር። በትሕትና ሲሸኙህ ንዴቱ የትም አይወጣም።

የተቀበሉኝ ጋሽ አበራ ናቸው። በዚያ በተዘጋው ጋዜጣ ላይ ዋና አዘጋጅ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጸዳለ ዲቪ ደርሷቸው ወደ ኦክላንድ ከሄዱ ቆይተዋል። ጋሽ አበራ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ በገዛ ገንዘባቸው ወርኃዊ የአማርኛ ጋዜጣ ጀምረዋል። ጽሑፉም እርማቱም የሳቸው ነው፤ የሚያድሉትም ራሳቸው ናቸው፣ በነፃ።

አዲስ አበባ ሳለን ጠዋት የዝግጅት ክፍሉን በር ከፍተው ገና ሳይቀመጡ ስለ ዕለቱ ጋዜጣ «ገጽ ሦስት ላይ ምን ነበር?» ይሉ ነበር። የፊት ገጽን ማንም ያያል፣ የመጨረሻውን ለስፖርቱ ሲል ሁሉም ይገልጣል፤ ጋዜጣ ያነበበ ሰው የሚለየው ገጽ ሦስት ላይ ነው ባይ ናቸው። መልስ ያጣ ዘጋቢ ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። እኔ ብዙ ጊዜ መልስ ነበረኝ፤ የሳቸው ሰው የሆንኩት በዚያ ነው።

ከአየር ማረፊያው ወጥተን ድልድዩን፣ ትልቁን ሳይሆን ሌላውን፣ ስንሻገር ጉልበቴ ላይ አንድ ጋዜጣ አስቀመጡልኝ።

«የዚህ ወር ነው። ገጽ ሦስትን አንብቢና ነገ ትነግሪኛለሽ» አሉ። «ስትመለሺ ደግሞ አንድ ጥቅል ለድሮ ጓደኞቻችን ታደርሺልኛለሽ።»

ቤታቸው ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እትዬ ጸዳለ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የሚሠሩት፤ እኔን ብለው ፈረቃ ቀይረው፣ አልጋቸውን ለቀውልኝ ሳሎን ሶፋ ላይ ሊተኙ ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። እምቢ ብል አልሰሙኝም። ጉልበታቸውን እያሻሹ «እኔ ሶፋ ለምጃለሁ» አሉ። ሻንጣዬ መቅረቱን ስነግራቸው ጥቁር ጫማቸውን አወጡ። ስለካው በጣት ያህል ሰፋኝ። እሳቸው ግን «ልክሽ ነው!» አሉ፣ እኔም ልኬ ነው አልኩ። ጋዜጣውን ራስጌ አስቀምጬ የውኃ ብርጭቆ ጫንኩበትና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ሻይ ሳልጨርስ «እሺ፣ ገጽ ሦስት?» አሉኝ። መንገዱ ደክሞኝ ነው፣ ዛሬ አነባለሁ አልኩ። «ጄትላግ የሚባለውን እኛ ጋዜጣ ላይ አናውቀውም ነበር» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ሄይዋርድ ወሰዱኝ። ሄይዋርድ መጋዘን በመጋዘን ነው፤ መንገዱ ሰፊ፣ የሚሄድበት ሰው የለም። ቃሊቲ ሰውና ጫጫታ ቢወጣለት እንዲያ ይመስል ነበር። ማተሚያ ቤቱ ከጎማ መሸጫ ጀርባ ነው። ስንገባ የቀለሙ ሽታ ልቤን አርበተበተው። የወረቀቱን ጥቅልል በጣቴ ዳበስኩት። የኛው ነው፣ ያ ቶሎ ቢጫ የሚሆነው። ባለቤቱ እጃቸው ጥቁር የሆነ ሜክሲኳዊ ሲሆኑ ጋሽ አበራን በጣም ያከብሯቸዋል፤ ቡናም ቀዱልን። ነገር ግን ለትንሽ ሥራ ማሽን ማስነሳት አላዋጣ ብሏቸዋል። ወይ ጋሽ አበራ የሚታተመውን በእጥፍ አሳድገው የአንድ ዓመት ውል ይፈርሙ፣ ወይ ሌላ ማተሚያ ይፈልጉ። ሌላ ማተሚያ ደግሞ የለም።

ጋሽ አበራ መኪና ውስጥ እንደገባን ሞተሩን ሳያስነሱ ወደኔ ዞሩ።

«ሰብልዬ፣ እኔ አሁን አማካሪ የለኝም። አንቺ የተማርሽው ይሄንኑ ነው። ጋዜጣው ቸርችም፣ ሬስቶራንትም አስቀምጬው ዞር ስል ያልቃል። እጥፍ ቢሆንም ያልቃል። ኮንትራቱን ሳይን ላድርግ ወይስ ይቅር? ማክሰኞ እነግረዋለሁ ብዬዋለሁ። አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው።»

«ትንሽ ልየውና፣ ጋሼ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። የባለሙያ መልስ መሰላቸው።

ምሳ የበላነው ኦክላንድ፣ ቴሜስካል የሚባል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ ትዕግሥት የምትባል ሴት ምግብ ቤት ነው። የአንድ ሰው ነው ተብሎ የሚቀርበው ጥብስ እኛ ሰፈር ለሦስት ይበቃል። የምግብ ቤቱ መስታወት እንዲያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም፤ የሌለ ነው የሚመስለው፣ ስገባ ግንባሬን ልመታ ምንም አልቀረኝ። ትዕግሥት ከሩቅ «ጋሼ! ያለፈው እኮ አለቀ፣ ጨምሩልኝ!» ብላ ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓዳ ሳልፍ ያለፈው ወር ጋዜጣ የታሰረበት ፕላስቲክ እንኳ ሳይፈታ ግድግዳ ተደግፎ አየሁት። ከጎኑ አንዱ ጥቅል ተፈቷል፤ አንዲት ሠራተኛ በውኃ ነከር እያደረገች የኋላውን መስታወት ትወለውልበታለች። አገር ቤትም የምናደርገው ነው፤ መስታወትን እንደ ጋዜጣ የሚያጠራው የለም። ትዕግሥት ተከትላኝ መጥታ ኖሮ ፊቷ ቀላ።

«በእናትሽ እንዳትነግሪያቸው» አለች። «ስመጣ ፔፐርወርኬን ሁሉ ቁጭ ብለው የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት አድርጌ አልፈልግም ልበላቸው? ቢዚ ነኝ፣ አላነብም። ግን ሲያመጡ ፊታቸውን አይተሻል?»

አይቼዋለሁ። እኔም አልነግርም አልኳት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴው እዚህም እዚያም ያው ነው፤ ልዩነቱ ከቅዳሴ በኋላ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ጋሽ አበራ ክራቫት አስረው በሩ ላይ ቆሙ። የሚወጣው ሰው ሁሉ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያነሳ «ለባለቤቴም»፣ «ለጎረቤቴም»፣ «ለልጆቹም ይሁን» እያለ መርቋቸው ያልፋል። ልጆቹ ከኋላ በእንግሊዝኛ እየተጨቃጨቁ ነው የሚከተሉት። አንድ ብቻ ማንሳት እንደ ንቀት የሚቆጠር ይመስል ነበር። ጠረጴዛው ወዲያው ባዶ ሆነ።

«አየሽ?» አሉኝ ጋሽ አበራ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሰው ምን ያህል እንደተጠማ አየሽ?»

ወደ መኪናው ስንሄድ አንዲት እናት ለጓደኛዋ «ያንቺንም ስጪኝ፣ ብርጭቆ ለእህቴ ልልክ ነው፣ መጠቅለያ የለኝም» ስትል ሰማሁ። ጋሽ አበራ አልሰሙም፤ ወይም ስለ ጥማቱ እያወሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጸዳለ ሰላጣ እየከተፉ፣ ባለቤታቸው ሳሎን ያንጎላጁ እንደሆነ አንገታቸውን አውጥተው አይተው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገሩኝ።

«እኔ አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። የማላውቅ እንዳይመስልሽ። አብረውኝ የሚሠሩት የአገራችን ልጆች እንኳ ጋዜጣውን ሲወስዱ ለኔ ብለው ነው። ጉልበቴ አልቋል፤ በዚህ ዓመት ሥራ ላቆም ነበር ሐሳቤ። እሱ ከፈረመ የማተሚያው ከኔ ደሞዝ ነው፣ አልቆምም፣ በቃ። እኔ ብነግረው ጋዜጣውን ጠልታው ነው ይላል። አንቺን ይሰማሻል። ቀስ ብለሽ፣ ለብቻው ንገሪው።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ፀሐይዋ በረድ ስትል ከተማው መሀል ያለውን ሐይቅ ለመዞር ከጋሽ አበራ ጋር ሁለታችን ብቻ ወጣን። ዳክዬዎች ነበሩ፣ የሚሮጥ ሰው ነበር፣ አግዳሚ ወንበር ነበር። እሳቸው በእጥፍ ሲታተም ሊጨምሩ ስላሰቡት የልጆች ዓምድ እየተረኩልኝ ሐይቁን ጨረስነው። አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ቅዳሜ ትዕግሥትን የታዘብኩ ሰው በእሷው ይሉኝታ ተተብትቤ ተመለስኩ።

ሰኞ የንግግሩ ቀን ነው። ጠዋት ስንጣደፍ የእትዬ ጸዳለ ጫማ ከእግሬ እየወለቀ አላስኬድ አለኝ። ከራስጌዬ ያገኘሁትን ወረቀት ቀድጄ ጨመቅ አድርጌ ጫፉ ውስጥ ወተፍኩበት። ልክ ሆነ። ምን ወረቀት እንደሆነ አላሰብኩም።

ከኦክላንድ ሳን ሆሴ የሚወስደው መንገድ እንደኛ ቀለበት መንገድ መኪናው አንዴ ሲቆም ይቆማል፤ ልዩነቱ ጥሩምባ የሚነፋ የለም፣ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጋሽ አበራ ካሜራ ይዘው ነበር። የሚቀጥለው እትም የፊት ገጽ የኔ ፎቶ እንደሚሆን፣ ርዕሱንም እንዳወጡለት ነገሩኝ። ርዕሱን ሲያነቡልኝ አፍሬ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

አዳራሹ ትንሽ ነው። ሳን ሆሴ በቴክ ሥራ ላይ ያለችው ልጃቸው ሊዲያም መጥታ ከአባቷ ጎን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ከፊት አንድ ናይጄሪያዊና አንዲት ጋናዊት ገና ሳልጀምር ይተራረባሉ። ጥናቴን አቀረብኩ። ናይጄሪያ አንድ ወቅት የራሷን የጋዜጣ ወረቀት ትሠራ እንደነበረና ዛሬ እንደ ጋና ከውጭ እንደምትገዛ፣ የሁለቱም ገንዘብ በተዳከመ ቁጥር ያው አንድ ጥቅልል በአገር ውስጥ ሲታሰብ እንደሚወደድ፣ ስለዚህ ወጪ ጨመረ ማለት ወረቀት ጨመረ ማለት እንዳልሆነ ተናገርኩ። ደረቅ ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ስልኩን ማየት ጀመረ።

በመጨረሻ ናይጄሪያዊው ተነስቶ «እሺ፣ የትኛው አገር ነው ይበልጥ የሚያነበው? እኛ ነን በሉና እንገላገል» አለ። ሰው ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ወደኔ አየ።

ያኔ ነው ያበላሸሁት። የተገዛ ወረቀት የተነበበ ወረቀት አይደለም አልኩ። እዚሁ አቅራቢያ አንድ አዛውንት የሚያዘጋጁት ጋዜጣ አለ፣ ባስቀመጡት ቁጥር ያልቃል አልኩ። በኛ ባሕል የታላቅን ሰው እጅ መመለስ ነውር ስለሆነ ሰው አራት አራት እያነሳ መርቆ ይወስዳል፤ ከዚያ መስታወት ይወለውልበታል፣ ብርጭቆ ይጠቀልልበታል። በቁጥር ብናየው ያ ሰፈር ከዓለም አንደኛ አንባቢ ነው አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋናዊቷ እንባዋን ጠረገች። ስም አልጠራሁም፤ ስም ካልጠራሁ የተናገርኩት ስለ ማንም እንዳልሆነ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ሳቁም ጣፈጠኝ፣ ይህን አልክድም።

ጋሽ አበራ ካሜራውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር። ቀስ ብለው አወረዱት። ክዳኑን ፈልገው ገጠሙበት። ከዚያ ከሌላው ሰው ጋር አብረው አጨበጨቡ።

ሊዲያ በር ላይ ያዘችኝ። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። «ዛት ዋዝ ዳድስ ፔፐር፣ ራይት?» አለችኝ። የአባትሽ አይደለም ብዬ ልዋሽ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ራሷን ነቅንቃ ሄዳ አባቷን አቀፈቻቸው፤ እኔን አላቀፈችኝም።

በመልሱ መንገድ ሄይዋርድ ደረስን። ማተሚያ ቤቱ ወዳለበት የሚወስደውን መውጫ ስናልፍ ጋሽ አበራ ተናገሩ።

«ቅዳሜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ሰኞ አይከፋኝም ብለሽ ነው?»

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም።

«ያልሽው እውነት ነው። አልተቀየምኩበትም። ግን ሰብለ፣ ስንት ዓመት ጽሑፍሽን አርሜአለሁ፤ አንድ ቀን ስሕተትሽን ፊት ገጽ ላይ አውጥቼብሽ አውቃለሁ?»

ሰብልዬ አላሉኝም።

ቤት ደርሰን በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ የወተፍኩት ወረቀት አብሮ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ከኔ ቀድመው ጎንበስ ብለው አነሱት። ሁለቱን የተጨማደዱ ቁራጮች ጉልበታቸው ላይ በመዳፋቸው ዘረጉ፣ እየደጋገሙ አቃኑ፣ አዩና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ዓርብ ዕለት የሰጡኝ ጋዜጣ ነበር። እትዬ ጸዳለ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው ፊታችንን አይተው ሁሉም ነገር ገባቸው። ከእራት በኋላ ሳህን ሳቀብላቸው «እንዲያ አድርገሽ ንገሪው አላልኩሽም» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። አልጋቸውን ግን ያን ዕለትም ለቀቁልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣዬ መጣ። ሳልከፍተው ይዤው ልመለስ ነው። ጋሽ አበራ ቁርስ ላይ ለማተሚያ ቤቱ ደውለው በእንግሊዝኛ አጠር አድርገው ተናገሩ፤ «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ ማይ ፍሬንድ» ብለው ዘጉ። እትዬ ጸዳለ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሥራቸውን ሊያቆሙ ነው፤ ጉልበታቸው ሊያርፍ ነው። ደስ ሊለኝ የሚገባ ነገር ነበር፤ አንዱ ጥግ ላይ ደስም ብሎኝ ይሆናል፣ ግን አላገኘሁትም።

አየር ማረፊያ ሲያደርሱኝ የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፈቱ። ዓርብ ያሉኝ ጥቅል ከሻንጣዬ አጠገብ ነበር። እጄን ወደሱ ስሰድ ቀደሙኝና ከላይ አንድ ቅጂ መዘው ሰጡኝ።

«አንድ ብቻ ውሰጂ» አሉ። «የምታነቢውን ያህል።»

አውሮፕላኑ ላይ ከርዕሱ እስከ ማስታወቂያው አነበብኩት። ገጽ ሦስት የራሳቸው ጽሑፍ ነው፤ ለአዲስ መጪ ሰው መንጃ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ እሳቸው ስንት ጊዜ ወድቀው እንዳለፉ፣ ፈታኟን በትሕትና «እርስዎ ይቅደሙ» ለማለት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው እንደቀሩ። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካነበብኩ ቆይቼ ነበር። ሳን ሆሴ ላይ ያን ሁሉ ሰው ያሳቅኩበት ጋዜጣ ያን ያህል ጥሩ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ አላነበብኩትማ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ደወልኩላቸው። ገጽ ሦስትን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ልተርክላቸው ተዘጋጅቼ፣ ጋዜጣውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነበር የደወልኩት። በሰላም ገባሽ ወይ አሉኝ። እናቴን ጠየቁኝ፣ ደህና ናት አልኳቸው። ሻንጣዬ አብሮኝ እንደደረሰ ጠየቁኝ፣ ደርሷል አልኳቸው። ክረምቱ ገባ ወይ አሉ፤ አዎ፣ ይዘንባል አልኩ።

ጣቴን ገጽ ሦስት ላይ አድርጌ ጠበቅኳቸው። ከዚያ «በይ፣ ደህና ሁኚ» ብለው ዘጉ፤ ገጽ ሦስት ላይ ምን እንደነበር አልጠየቁኝም።